«አየሁ» ማለት ማስረጃ ይሆናል? ስለ ህልም፣ ስለ ከሽፍና ስለ ሐቅ ሚዛን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ከጉንችሬ፣ ከወልቂጤም ሆነ ከቡታጅራ መስጂዶች በቀን አምስት ጊዜ የምንሰማው አዛን መነሻው ህልም እንደነበረ ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ ሙስሊሞች ለሶላት በምን እንጠራራ ብለው ተመካከሩ። ደወል ያለ ነበር፤ ቀንድ ይነፋ ያለም ነበር። ነገሩ ሳይቆረጥ ዐብደላህ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ.) የተባሉ የመዲና ሰው በህልማቸው ደወል የያዘ ሰው አገኙና ሊገዙት ጠየቁ። ሰውየው ግን ከደወል የተሻለ ነገር አለ ብሎ የአዛኑን ቃላት አስተማራቸው። ሲነጋ ሄደው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነገሯቸው። እሳቸውም ህልሙ እውነተኛ መሆኑን አጽድቀው ቃላቱን ለቢላል እንዲያስተምሩ አዘዟቸው፤ የቢላል ድምፅ ያምር ነበርና። ሐበሻው ቢላል (ረ.ዐ.) ወጥተው ሲጣሩ ዑመር (ረ.ዐ.) ኩታቸውን እየጎተቱ መጡና እሳቸውም ይህንኑ በህልማቸው እንዳዩ ተናገሩ።

እስቲ ቆም ብለን እንጠይቅ። አዛን ዲን የሆነው ዐብደላህ ስላለሙት ነው ወይስ ነቢዩ ስላጸደቁት? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ህልሙ እውነት ነበር። ይሁን እንጂ ባለ ህልሙ ራሳቸው ከእንቅልፋቸው ተነስተው ጣራ ላይ ወጥተው አልተጣሩም። ያዩትን ይዘው ከእነሱ በላይ ወዳለው ሚዛን ሄዱ። የዛሬው ጽሑፋችን ጠቅላላ ሐሳብ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ።

ጉዳዩን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። በየዓመቱ ለዐረፋ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች አገር ቤት ስንገባ በየቤቱ ከሚነሱት ክርክሮች አንዱ ይሄው ነው። አባቶቻችን የሸይኾችን ከራማ፣ በዚክር ላይ ስለሚበራ ልብ፣ በህልም ስለተገለጠ ነገር ያወራሉ። ወጣቱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ይሄ ሁሉ ስሜት ነው፤ ሰው የፈለገውን ያያል» ብሎ ያጣጥላል። ሌላው «ሸይኹ አይተዋል፣ አለቀ!» ይላል። ክርክሩ ኩርፊያ ይወልዳል፤ አንዳንዴም ከኩርፊያ ያለፈ ጉዳት ያመጣል። ስለዚህ ታሪኩን እንየው፤ ዑለማዎቻችን ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት ለዘመናት ተጨንቀውበታልና።

■ በእኛው ምድር

ኢስላም በሰባት ቤት ጉራጌ ከመስፋፋቱ በፊት ሕዝቡ ዋቅንና የመብረቅ ባለቤት የሚባለውን ቦዠን ይፈራ ነበር። በእነዚህ ስም የሚናገሩ፣ የማይታየውን እናያለን የሚሉ ሰዎችም ነበሩ። ስለዚህ የእኛ አያቶች «አየሁ» የሚል ሰው ለእነሱ አዲስ አልነበረም።

ከዚያ የቃዲሪያ ጠሪቃ መሻይኾች መጡ። የአብሬቱን ሰይድ ቡደላንና የቃጥባሬውን ሸይኽ ዒሳን የማያውቅ የአካባቢያችን ሰው የለም። የጠሪቃው ስም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1166 ባግዳድ ውስጥ ካረፉት ከሸይኽ ዐብዱልቃዲር አልጀይላኒ ነው። ወደ እኛ አገር መግባቱ ደግሞ ከሐረር ጋር ይያያዛል። በእነዚህ ማዕከላት አማካይነት ብዙ የጉራጌ ቤተሰብ ሶላትን፣ ጾምን፣ የአላህን ስም ማውሳትን ተማረ። ብዙዎቻችን ዛሬ ሙስሊም ሆነን የተገኘነው በዚያ ሰበብ ነው። «ስሜት ነው» ብለን በአንድ ቃል ከማጣጣላችን በፊት ይህን ማስታወስ ፍትሕ ነው።

ግን አስተውሉ! አያቶቻችን ከቦዠ ወደ ተውሒድ ሲመጡ የቀየሩት አንዱን ራእይ በሌላ ራእይ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ብዙም ለውጥ ባልነበረው። የተለወጠው ሚዛኑ ነው። ቁርኣን መጣ፤ የሚነበብ፣ ማንም ሊጠይቅበትና ሊመልስበት የሚችል ቃል መጣ። ሸይኹም ተማሪውም ለዚያ ቃል እኩል ተገዢ ሆኑ።

■ ምላሱ የተያዘበት ሊቅ

በዚህ ጉዳይ ላይ ከኢማም አቡ ሓሚድ አልገዛሊ የበለጠ ምስክር ማግኘት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1058 ጡስ በምትባል የኹራሳን ከተማ ተወለዱ። በ1091 በባግዳዱ ኒዛሚያ መድረሳ አስተማሪ ሆኑ፤ በዘመኑ ከዚያ የሚበልጥ ወንበር አልነበረም። በመቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎች እግራቸው ሥር ይቀመጡ ነበር።

ስለ ራሳቸው በጻፉት «አልሙንቂዝ ሚነ ደላል» በተባለው ኪታብ እንደሚያወሱት በመጀመሪያ የያዛቸው ጥርጣሬ ነበር። ዓይን ኮከብን የዲናር ሳንቲም ያህል ታሳየናለች፤ የሒሳብ ዕውቀት ግን ኮከቡ ከምድር እንደሚበልጥ ያረጋግጣል። ታዲያ ዓይን ከዋሸ አእምሮስ ላለመዋሸቱ ምን ዋስትና አለ? ሰው ተኝቶ ሲያልም ያየውን ሁሉ እውነት ነው ብሎ ያምናል፤ ሲነቃ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። አሁን ነቅተናል የምንለውስ ከሌላ ንቃት ጋር ሲነጻጸር ህልም ቢሆንስ? ለሁለት ወር ገደማ በዚህ ታመሙ። የዳኑት በክርክር ሳይሆን አላህ በልባቸው በጣለው ብርሃን እንደሆነ ይመሰክራሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነጥብ አለ። ያ ብርሃን ምን አደረገ? አእምሮን አላፈረሰም፤ በአእምሮ ላይ የነበረውን እምነት መለሰላቸው። አሥር ከሦስት ይበልጣል የሚለው ዕውቀት እንደገና ጸና። እንዲያውም አንድ ሰው ሦስት ከአሥር ይበልጣል ብሎ ለማስረጃ በትሩን እባብ ቢያደርግላቸው በትሩ ያስደንቃቸዋል እንጂ ስለ ቁጥሩ እንደማይጠራጠሩ ጽፈዋል።

ሁለተኛው ሕመም በ1095 መጣ። ዝናና ወንበር ወዳድነት እንደያዛቸው ተረዱ። አንድ ቀን ለማስተማር ቢሞክሩ ምላሳቸው ተያዘ። ምግብ አልወርድ አላቸው። ሐኪሞችም በሽታው ከልብ የተነሳ ነው ብለው ተስፋ ቆረጡ። ከዚያ ንብረታቸውን አከፋፍለው፣ ለቤተሰባቸው የሚበቃውን ትተው ወደ ሻም ወጡ። ደማስቆ፣ ቁድስ፣ ሒጃዝ እያሉ ከአሥር ዓመት በላይ ከማስተማር ርቀው ቆዩና በ1106 ኒሳቡር ላይ እንደገና ማስተማር ጀመሩ። በ1111 አረፉ።

ከዚህ ጉዞ ያመጡት ትምህርት ዘውቅ ይባላል፤ መቅመስ ማለት ነው። የጤናን ትርጉም የሚያውቅ በሽተኛ ሐኪምና ጤነኛ ሰው አንድ አይደሉም። ማር ጣፋጭ ነው ብሎ በሰማ ሰውና ማሩን በላሰ ሰው መካከልም ልዩነት አለ። ስለዚህ ያልቀመስነውን «የለም» ማለት ድፍረት ነው። ግን እኚሁ ሰው ተመልሰው ለሕዝቡ የጻፉትን ተመልከቱ። «ኢሕያእ ዑሉሚ ዲን» በዒልም ይጀምራል፤ ስለ ውዱእ፣ ስለ ሶላት፣ ስለ ዘካ፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ምላስ ጥፋት ያስተምራል። ባዩት ነገር አዲስ ሸሪዓ አላወጡም።

■ ዑለማዎቻችን ያሰመሩት መስመር

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ህልም ሦስት ዓይነት እንደሆነ አስተምረውናል። ከአላህ የሚመጣ ብሥራት አለ፤ ከሸይጧን የሚመጣ ማስጨነቂያ አለ፤ ሰው ለራሱ የሚያወራውም አለ። መልካም ህልም ከነቢይነት አርባ ስድስት ክፍሎች አንዱ እንደሆነም ነግረውናል። ስለዚህ «ሁሉም ስሜት ነው» የሚለው ተሳስቷል። «ሁሉም ሐቅ ነው» የሚለውም ተሳስቷል። ሦስቱም ለተኛው ሰው አንድ መስለው ይታዩታል፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ነቢይ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ልጃቸውን ለማረድ የተነሱት በህልም ነው፤ በየዐረፋው የምናርደው ኡድሒያም ከዚያ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። የነቢያት ህልም ወሕይ ነው። የእኛ ግን አይደለም። ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በኋላ ይህን በር የሚከፍት የለም።

በመዝሀባችን በሻፊዒይ ትልቅ ቦታ ያላቸውን፣ «ሚንሃጅ» በተባለው ኪታባቸው በአገራችን ደርሶች የምናውቃቸውን ኢማሙ ነወዊን (እ.ኤ.አ. 1233–1277) እንስማ። የሸዕባን ሠላሳኛ ሌሊት ነው እንበል። ጨረቃ አልታየችም። አንድ ሰው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በህልሙ አይቶ ዛሬ ረመዷን ገብቷል ብለው ነገሩት። ይጾማል? ኢማሙ በህልሙ አይሠራበትም ብለዋል፤ ለሌሎችም ለራሱም። ነቢዩን በህልም ማየት እውነት ነው፤ ሸይጧን በእሳቸው አይመሰልም። ይሁን እንጂ ምስክርም ሆነ ሐዲስ አስተላላፊ የነቃ፣ የሚሰማውን በትክክል የሚይዝ መሆን አለበት። የተኛ ሰው ይህ የለውም። እንግዲህ ጨረቃ የምታህል ነገር በህልም ካልጸደቀች ሰው ላይ መፍረድ፣ ትዳር ማፍረስ፣ ገንዘብ ማስከፈል እንዴት በህልም ይጸድቃል?

ከሐነፊያ ዑለማ ደግሞ ኢማም ነሰፊ (በ1142 ያረፉት) በታወቀው የዐቂዳ ኪታባቸው የዕውቀት መንገዶች ሦስት ናቸው ብለዋል፤ ጤነኛ የስሜት ሕዋሳት፣ እውነተኛ ዘገባ፣ አእምሮ። ኢልሃምን ከእነዚህ ውስጥ አልቆጠሩትም። ተፍታዛኒ ሲያብራሩት ኢልሃም ለባለቤቱ ምንም አይሰጥም ለማለት ሳይሆን ሰውን ሁሉ የሚያስገድድ ማስረጃ አይሆንም ለማለት እንደሆነ ጠቁመዋል።

ከሁሉ በላይ ዑመር (ረ.ዐ.) አሉልን። በዚህ ኡማ ውስጥ ኢልሃም የሚሰጠው ሰው ካለ ዑመር ነው ተብሎ በሐዲስ ተመስክሮላቸዋል። እኚህ ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባረፉ ዕለት ምን አሉ? «አልሞቱም» ብለው ሞተዋል የሚለውን ሁሉ ዛቱበት። ልባቸው በፍቅር ተሞልቶ ነበር፤ ስሜታቸው እውነተኛ ነበር፤ ያሉት ግን ትክክል አልነበረም። አቡበክር (ረ.ዐ.) ወጥተው የቁርኣኑን አንቀጽ ሲያነቡ ዑመር እግራቸው ከዳቸውና መሬት ላይ ወደቁ፤ ተመለሱም። ኢልሃም ከተመሰከረለት ሰው የሚጠበቀው ይህ ነው። አያ ሲነበብለት ይመለሳል።

■ ራእይ ከራእይ ሲጋጭ

በአገራችን ታሪክ ይህን ጥያቄ በግልጽ የሚያወጣ ሰው አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሰሜን ኢትዮጵያ ሸይኽ ዘካርያስ የሚባሉ ቁርኣን ያጠኑ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1892 ገደማ ራእይ ማየት ጀመርኩ አሉ። በመጀመሪያ ሙስሊሞችን ወደ ተስተካከለ ሕይወት ይጠሩ ነበር። ቀስ በቀስ ትምህርታቸው ወደ ክርስትና አዘነበለና በ1910 ደብረ ታቦር ላይ ተጠመቁ፤ ብዙ ተከታዮችም አብረዋቸው ሄዱ።

ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ይህን እንደ እውነተኛ መገለጥ ያዩታል። እኛ ሙስሊሞች አንቀበለውም። ለምን አንቀበለውም? ሰውየው ውሸታም ነበሩ ብለን ነው? ስለ ልባቸው የሚያውቀው አላህ ነው። አንቀበለውም ያልነው ያዩት ነገር ወዳደረሳቸው ድምዳሜ ስንመለከት ከቁርኣን ጋር ስለሚጋጭ ነው። እንግዲያውስ ፍትሐዊ እንሁን፤ ለእሳቸው የተጠቀምንበትን ሚዛን ለራሳችን ሸይኽም፣ ለራሳችን ህልምም እንጠቀምበት። «የእኔ ሸይኽ ካየ ሐቅ ነው፣ የሌላው ካየ ቅዠት ነው» ማለት ሚዛን አይደለም።

ሚዛን ሲጣል የሚሆነውን ደግሞ በመካ አይተናል። ሙሐረም 1 ቀን 1400 ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 1979 ጁሀይማን አልዑተይቢ የተባለ ሰው በመቶ ከሚቆጠሩ ተከታዮቹ ጋር መስጂደል ሐራምን በመሣሪያ ያዘ። ሙሐመድ አልቀሕጣኒ የተባለው ጓደኛቸው መህዲው ነው አሉ። ካሳመኗቸው ነገሮች አንዱ ብዙዎቹ በህልማቸው እሱን መህዲ ሆኖ ማየታቸው ነበር። «ይሄ ሁሉ ሰው አንድ ህልም አይቶ እንዴት ይሳሳታል?» ብለው አሰቡ። ግን ሲያወሩት፣ ሲመኙት፣ ሲጠብቁት የነበረውን ነገር ነው ያዩት። በዓለም ላይ ከሁሉ በተከበረው ቦታ ለሁለት ሳምንት ደም ፈሰሰ። አይሞትም የተባለው ሰው እዚያው ሞተ። ከተያዙት 63ቱ በቀጣዩ ጥር ወር በሞት ተቀጡ። እነዚያ ሰዎች ሰጋጆች፣ ጿሚዎች ነበሩ። የጎደላቸው ህልማቸውን የሚመዝኑበት ነገር ነው።

■ ታዲያ ስሜት ብቻ ነው?

አንዳንድ የተማረ ወጣት ይህን ሲሰማ «አያችሁ! ነገሩ ሁሉ አንጎል ውስጥ ያለ ነው» ሊል ይችላል። እዚህም ላይ እንዳንቸኩል። በዚክር ጊዜ የአንጎልና የልብ አሠራር ሊለወጥ ይችላል፤ ልክ ነው። ግን ጓሮ ያለውን እንሰት ስናይም አንጎላችን ይሠራል። አንጎላችን ስለሠራ እንሰቱ የለም አንልም። አንድ ነገር በውስጣችን መሰማቱ ብቻውን ውሸት አያደርገውም፤ ብቻውን እውነትም አያደርገውም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1902 ባሳተመው ስለ ሃይማኖታዊ ተሞክሮ በሚያወራ መጽሐፉ የኢማሙል ገዛሊን ታሪክ በምስክርነት አቅርቧል። የደረሰበትም መደምደሚያ ለዑለማዎቻችን ቅርብ ነው። እንዲህ ያለው ልምድ ለባለቤቱ ትልቅ ሥልጣን አለው፤ ውጭ ያለውን ሰው ግን ያለ ምርመራ ተቀበል ብሎ አያስገድድም።

ከጄምስ ሦስት መቶ ዓመት በፊት በሕንድ የነበሩት ሸይኽ አሕመድ ሲርሂንዲ (1564–1624) ነገሩን ይበልጥ አጥርተውታል። ጠሪቃ ውስጥ ያደጉ ሰው ናቸው፤ የሱፊዮችን መንገድ ከውስጥ ያውቁታል። አንዳንድ ሱፊዮች በዚክር ሰምጠው ከአላህ በቀር ምንም አላየንም፤ ስለዚህ ከእሱ በቀር ምንም የለም ይሉ ነበር። ሲርሂንዲ በምሳሌ መለሱ። ፀሐይ ስትወጣ ከዋክብት አይታዩም። «ፀሐይን ብቻ አየሁ» ያለ ሰው እውነት ተናግሯል። «ስለዚህ ከዋክብት የሉም» ካለ ግን ተሳስቷል።

ሱብሓነላህ! ይህን ምሳሌ በደንብ እንያዘው። ያየሁት ነገር አለ፤ ካየሁት ተነስቼ የደመደምኩት ነገር አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። አባታችን በሐድራ ላይ ልባቸው በራ፣ አለቀሱ፣ ከአላህ ጋር ቀረብኩ አሉ እንበል። ይህን ልንክድ አንችልም፤ መብትም የለንም። «ስለዚህ እገሌ ነው ያስደገመብኝ» ሲሉ ግን ሌላ ንግግር ጀምረዋል፤ ለዚህኛው ማስረጃ ይጠየቃል።

ታላቁ የታሪክ ሊቅ ኢብን ኸልዱን (1332–1406) ደግሞ ስለ መስታወት ያወሳሉ። መስታወት የቱንም ያህል ቢወለወል፣ ጎባጣ ከሆነ መልክን አጣሞ ያሳያል፤ ቀጥ ያለ ከሆነ ብቻ በትክክል ያሳያል። ጾምና ኸልዋ ልብን ይወለውላሉ፤ ይህ ለድግምተኛም፣ በሌላ ሃይማኖት ላለ መናኝም ሊሆን ይችላል። ቀጥ የሚያደርገው ኢስቲቃማ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «አየሁ» ሲል መጀመሪያ የምንመለከተው ሶላቱን፣ ምላሱን፣ በገንዘብ ላይ ያለውን ታማኝነት፣ ከቤተሰቡ ጋር ያለውን አኗኗር ነው።

■ እኛስ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ህልም ወይም የልብ ብርሃን ለራሳችን ብሥራት ወይም ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ሶላታችንን ካጠናከረ፣ ከሐራም ካራቀን፣ ካስታረቀን አልሐምዱሊላህ። ሰውን መወንጀያ ግን አይሆንም። በህልም ብቻ ጎረቤትን፣ ምራትን ወይም እንጀራ እናትን በሲሕር መጠርጠር በደል ነው።

ሁለተኛ፣ በህልም ተነገረኝ ወይም ዳንክ ተባልኩ ብሎ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው ካየን ዝም አንበል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለዋል። ዱዓውና መድኃኒቱ አብረው ይሄዳሉ።

ሦስተኛ፣ ኢስቲኻራ ሰግዶ ህልም መጠበቅ ሐዲሱ ውስጥ የለም። ስለ ትዳር ወይም ስለ ሥራ ከሆነ ሁለት ረከዓ እንስገድ፣ ዱዓውን እናድርግ፣ የሚያውቁ ሰዎችን እናማክር፤ ከዚያ በአላህ ተመክተን እንወስን።

አራተኛ፣ በሚመጣው ዐረፋ አገር ቤት ስንገባ አባቶቻችንን በአደብ እናናግራቸው። «ያዩት ውሸት ነው» ብሎ መጀመር በር መዝጋት ነው። ከዚያ ይልቅ «አባባ፣ ሸይኾቹ ምን ያስተምሩ ነበር? ምን ኪታብ ያቀሩ ነበር?» ብለን እንጠይቃቸው። ስለ ቂርአቱ፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ እርቁ ያወሩናል። ሐቅን ለመለየት የሚጠቅመን ወሬ ያ ነው፤ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ካልተቀበልነው ደግሞ አብሯቸው ይሄዳል።

አላህ ሐቁን ሐቅ አድርጎ አሳይቶን የምንከተለው ያድርገን፤ ባጢሉን ባጢል አድርጎ አሳይቶን የምንርቀው ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።